22 ጥይት ለዒላማ፦ 50 ሜትር ላይ አንድ ቦታ የሚሰበስበው የቱ ነው?

ሐረጎ_ማዶ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። 22 ሎንግ ራይፍል የተባለችውን ትንሿን ጥይት የምታውቁ ሰዎች ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። መሣሪያው ፈቃድ ያለው ነው፤ በእጅ እየተቀረቀረ ይተኩሳል፤ መነጽር አለው። ርቀቱ በሜትር የተለካ 50 ነው፤ ከፊትም ከኋላም የአሸዋ ከረጢት አለ። በእያንዳንዱ ጥይት አምስት አምስት እየተተኮሰ ሦስት ጊዜ ተለክቷል፤ የሚራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል ያላቸው ርቀት ይኸው፦

ጫፉ የተቦረቦረ፣ ክብደቱ 36 ግሬይን፣ ፈጣኑ የጅምላ ካርቶን፦ 38፣ 61፣ 44 ሚሊሜትር።
ድፍን 40 ግሬይን፣ ስታንዳርድ ፍጥነት፣ የመጀመሪያው ፓኬት፦ 24፣ 19፣ 27።
ያው ስም፣ ያው ቀለም፣ ሌላ ፓኬት፦ 35፣ 31፣ 40።

ሦስተኛው መስመር ነው ያልገባኝ። አንድ ስም ያለው ጥይት እንዴት እንዲህ ይለያያል? ለወረቀት ዒላማ ምን ልፈልግ? ለጣሳ መምቻ ርካሹ ይበቃል? ደግሞም አንዳንዴ ኮምቦልቻ ስለምወርድ፣ ከፍታው ለውጥ አለው?


ቦርከና_50 (ኮምቦልቻ)፦

አብሽር ወንድሜ፣ 19 እና 24 የሰበሰበ መሣሪያ ጤነኛ ነው። አሁን የፓኬቶቹን ስም ተወውና ጎናቸው ወይም ክዳናቸው ላይ የታተመውን የሎት ቁጥር ተመልከት። ሁለቱ ስታንዳርድ ፓኬቶች ቁጥራቸው የሚለያይ ከሆነ መልስህ እዚያው ነው። ሎት ማለት በአንድ ዙር፣ ከአንድ ባሩድ፣ ከአንድ የመለኮሻ ቅመም፣ በአንድ የማሽን ልኬት የተመረተ ማለት ነው። ዙሩ ሲቀየር ጥይቱም ይቀየራል፤ ስሙ ብቻ ነው የማይቀየረው።

ይሄ በ22 ላይ የሚብሰው በአሠራሩ ምክንያት ነው። እንደ ትልልቆቹ ጥይቶች መሃሉ ላይ የተተከለ መለኮሻ የለውም። ቅመሙ እርጥብ እያለ ቀለሃው ውስጥ ይገባል፤ ቀለሃው በኃይል ሲሽከረከር ቅመሙ እየተገፋ ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ ይደርቃል። መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይለኮሳል። እንግዲህ ቅመሙ መርፌው ባረፈበት በኩል ከሳሳ ባሩዱ በእኩል አይነሳም። የባሩዱ መጠን ራሱ 0.1 ግራም ገደማ ስለሆነ ትንሿ ልዩነት አትደበቅም። ቀለሃው ደግሞ ሁለተኛ አይሞላም፤ በትልልቆቹ ጥይቶች እንደሚደረገው ቤት ውስጥ አስተካክዬ እሞላዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ያለህ ሥልጣን መምረጥ ብቻ ነው።

የፍጥነት ልዩነት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ላሳይህ። 327 ሜትር በሰከንድ የሚነሳ ጥይት 50 ሜትር ሲደርስ ከበርሜሉ መስመር 12 ሴንቲሜትር ያህል ወድቋል። ቀጥሎ የተተኮሰው ፍጥነቱ በ10 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ ተጨማሪ 7 ሚሊሜትር ግድም ይወርዳል። በዓለም አቀፉ የ50 ሜትር ዒላማ የአሥር ቁጥሩ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ነው። አየህ፣ ያንተ እጅ፣ ዓይንና ትንፋሽ ሳይጨመር ጥይቱ ብቻውን አብዛኛውን አሥር በልቶታል። 100 ሜትር ላይ ያቺው ልዩነት ወደ 3 ሴንቲሜትር ትሆናለች። ስለዚህ ሁለተኛው ፓኬትህ ያወጣቸውን ወረቀቶች አንሳና ተመልከት፦ ቀዳዳዎቹ ከላይ ወደ ታች ከተዘረጉ ፍጥነቱ ነው የሚዋዥቀው። ወደ ጎን ከተዘረጉ ንፋስ ወይም ከረጢት ነው፤ ጥይቱን አትውቀስ።

ምን ልፈልግ ላልከው፦ ድፍን፣ 40 ግሬይን (2.6 ግራም)፣ ፍጥነቱ ከድምፅ በታች የሆነ። ፓኬቱ ላይ 1070 ወይም 1085 ጫማ በሰከንድ የሚል ካየህ ያ ነው፤ በሜትር 326 እና 331 ማለት ነው። ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ ላፑዋ ሴንተር ኤክስ፣ ኢሊ ቴኔክስ ሁሉም እዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ልብ በል፣ ከርካሹ እስከ ውዱ ፍጥነታቸው ተቀራራቢ ነው። በውዱ ላይ የምትከፍለው ለእኩልነቱ ነው፦ አምሳውም ጥይት አንድ ዓይነት እንዲሆን። ይሄ ገንዘብ 50 ሜትር ላይ ለሚወዳደር ሰው ይገባዋል። ለልምምድ ግን ጥሩ ሎት የወጣለት ስታንዳርድ ፍጥነት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ፓኬትህ ይኸው ምስክር።

አፈታተሹን እንዲህ አድርገው። አንድ ፓኬት 50 ጥይት ነው። የመጀመሪያዎቹን 15 አትቁጠራቸው። እያንዳንዱ ፋብሪካ እርሳሱን፣ ማለትም ተወርውሮ የሚወጣውን የጥይቱን ጫፍ፣ የሚቀባው ሰም የራሱ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ የቀድሞው ሰም እስኪለቅና አዲሱ እስኪይዝ ድረስ ቀዳዳው ይቅበዘበዛል። ቀጥለህ አምስት ጊዜ አምስት፣ 25 ጥይት ለልኬት። የቀረውን 10 መነጽሩን ለማስተካከል ያዘው። አምስቱን ልኬት ደምረህ ለአምስት አካፍል። "ይቺ ያመለጠችኝ ናት" ብለህ አንዷንም እንዳትጥል፤ ያመለጠችዋ ናት ስለ ጥይቱ የምትነግርህ። በሁለት ሎት መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት እጅ አንድ ካልሞላ ደግሞ እኩል ናቸው በል።

ለመለካት የሁለቱን ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ በካሊፐር ያዝና የአንዲት ቀዳዳ ስፋት ቀንስ። የምትቀንሰውን ስፋት እዚያው ወረቀት ላይ ብቻዋን ከተመታች ቀዳዳ ለካው። ወረቀት ሲበሳ ተመልሶ ስለሚሰበሰብ ቀዳዳው ከእርሳሱ ያንሳል፤ ስስ ወረቀት ደግሞ ይቀደድና ያሳስትሃል። ከጀርባው ካርቶን ለጥፍለት።


ጦሳ_ሥር (ደሴ)፦

ቦርከና ያለው ትክክል ነው፤ ግን ጥይት ከመግዛቱ በፊት መታየት ያለበት አለ። 61 ሚሊሜትር የወጣው ስብስብ ሁለት ቦታ የተሰበሰበ ከሆነ፣ ማለትም ሦስቱ አንድ ጎን ሁለቱ ሌላ ጎን፣ ያ የጥይት ጠባይ አይደለም። የላላ ብሎን ነው።

በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙትን ብሎኖች በብሩጎላ ወይም በልኩ ካቻቢቴ ሞክራቸው። የሚመችህን ጥብቀት ያዝ፤ ሁልጊዜ ያው ይሁን። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፤ በነሐሴ የጠበቀው በጥር ይላላል። ሁለተኛ፣ የመነጽሩ ማሰሪያ። ሦስተኛ፣ መነጽሩ ራሱ፦ ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ሜትር ወይም ያርድ የተስተካከለ ነው፤ ለ22 የተሠራው ለ50። መሣሪያውን ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ ከረጢቱ ላይ አስቀምጠው፣ አትንካው፣ ዓይንህን ብቻ ግራ ቀኝ አንቀሳቅስ። መስቀሉ ዒላማው ላይ ከተንሸራተተ ጭንቅላትህ በተቀመጠበት ልክ ጥይቱ ቦታ ይቀይራል። ማስተካከያ ቀለበት ከሌለው ጉንጭህን አንድ ቦታ ማሳረፍ ነው መድኃኒቱ።

አራተኛው የሚረሳው ነው። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ጫፍ ላይ፣ ቀለሃው አልቆ በርሜሉ በሚጀምርበት፣ የጠቆረ ቀለበት ይጋገራል፤ የተቃጠለ ባሩድና ሰም ነው። ሲወፍር ጥይቱ ሲጎርስ መጨረሻ ላይ ይከብዳል፣ እርሳሱም ይቧጨራል። በነሐስ ብሩሽ ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። ዘንጉ የሚገባው ከኋላ፣ መቀርቀሪያው ወጥቶ ነው። ከአፈሙዝ በኩል የገባ ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ይበላዋል፤ እርሳሱ በርሜሉን ለቆ የሚወጣው በዚያ ጠርዝ ነውና አንዴ ከተበላ ምርጥ ጥይት አያድነውም። የበርሜሉን ውስጥ ግን በየቀኑ አትፈትገው። ሰሙ ይፈለጋል።


ሐረጎ_ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ሎቱን አየሁት፤ ቦርከና እንዳሉት ይለያያል። ሁለተኛው ፓኬት ከላይ ወደ ታች ነው የተዘረጋው። የካርቶኑ 61 ግን ወደ ጎን ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። የወርቅ ቤት ሚዛን አግኝቻለሁ፤ ጥይቶቹን እየመዘንኩ እኩል እኩሉን ብለይ ሁለተኛው ፓኬት ይድናል? እና የከፍታው ነገር አልተመለሰልኝም።


ጦሳ_ሥር፦

ሚዛኑን ለወርቁ ተውለት። ሙሉው ጥይት 3.3 ግራም አካባቢ ነው፤ ከዚህ 2.6ቱ እርሳስ ነው። ሚዛን ላይ የምታየው ልዩነት የእርሳሱና የቀለሃው ነው እንጂ የባሩዱ አይደለም። ያንተ ችግር ያለው ግን ባሩዱና መለኮሻው ላይ ነው። ከሁሉም በጣም የቀለለችውን ወይም የከበደችውን አንድ ሁለት ጥይት ታወጣ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ድካም ነው።


ቦርከና_50፦

በሚዛኑ እስማማለሁ። የጠርዙን ውፍረት መለየት ግን፣ በተለይ በርካሽ ጥይት ላይ፣ ያመጣል ባይ ነኝ። መቀርቀሪያው ጥይቱን የሚይዘው በጠርዙ ነው፤ ጠርዙ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀጭን ጠርዝ ያለው ጥይት ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ይላወሳል፣ መርፌውም በተለየ ኃይል ያርፍበታል። በካሊፐር በ0.02 ሚሊሜትር ልዩነት መድበህ ሞክረው። ጣት ሲጫነው ልኬቱ ስለሚቀየር አንዱን ጥይት ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቴም ያው ካልሆነ እጅህ ገና አልለመደም። በጥሩ ጥይት ላይ ግን ፋብሪካው ሠርቶልሃል፤ አትልፋ።

ወደ ከፍታው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። ሐረጎን ወርደህ ስትመጣ 650 ሜትር ያህል ወርደሃል፤ ብዙ ይመስላል። አየሩ ግን በሁለቱም ቦታ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ግድም የሳሳ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ለስታንዳርድ ጥይት 100 ሜትር ላይ እንኳ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ስብስቡን አያሰፋውም፤ መነጽርህንም ለዚህ ብለህ አትንካ።

የሚለውጠው ሙቀቱና ንፋሱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደሴ ላይ የእርሳሱ ሰም ይደርቃል፤ በጣትህ ብትነካው የሻማ ያህል ይንሸራተታል እንጂ አይጣበቅም። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይበተናሉ። ፓኬቱን ከካፖርትህ ውስጥ ያዘው፣ የምትተኩሰውን አምስት አምስት እያወጣህ። ኮምቦልቻ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ፓኬት ሰሙ ይቀልጥና ወደ አንድ ጎን ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ እርሳሱ ግማሹ ወፍራም ግማሹ ራቁት ይሆናል። ያን ለዒላማ አትቁጠረው። ጥይትን በጨርቅ "ማጽዳት" የሚባለውም ያው ጥፋት ነው። በሞቀ በርሜል ውስጥ ጥይት አጉርሶ መቆየትም እንዲሁ፦ ሰሙም ባሩዱም ይሞቃል፣ ያቺ ጥይት ከፍ ብላ ትመታለች።

አሁን የካርቶኑ 61 ሚሊሜትር። ወደ ጎን ከተዘረጋ ንፋሱን ጠይቅ። ብዙ ሰው ፈጣን ጥይት ንፋስ አይገፋውም ይላል። በ22 ላይ ግልባጩ ነው። ድምፅ በ10 ዲግሪ 337 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል፣ በ25 ዲግሪ 346። ሲሲአይ ሚኒ ማግን የመሰለ ፈጣን ጥይት ወደ 376 ይነሳል፤ ከድምፅ በላይ ሲሄድ አየሩ በጣም ይይዘዋል፣ ቶሎ ይደክማል፣ 50 ሜትርን ባለፈበት አካባቢ ከድምፅ በታች ይወርዳል። ንፋስ የሚገፋው ጥይት በመንገዱ ላይ ባጣው ፍጥነት ልክ ነው። 3 ሜትር በሰከንድ የሆነ የጎን ንፋስ በእኛ አየር ስታንዳርዱን 50 ሜትር ላይ 12 ሚሊሜትር ያህል ሲገፋው ፈጣኑን 20 ያህል ይገፋዋል። ንፋሱ ከተኩስ ወደ ተኩስ ሲቀያየር ያ ሁሉ ስብስብህ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ፌስታል በጣት ስፋት ሸርክት፣ በ15 እና በ35 ሜትር ላይ ቀጭን እንጨት ተክለህ እሰረው። ለአንተ የሚቀርበውን የበለጠ እመነው፤ ጥይቱ ገና በመጀመሪያው ላይ ከተገፋ የቀረውን መንገድ ሁሉ ተጣሞ ነው የሚሄደው። ፌስታሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ቃታ ሳብ። እዚህ ኮምቦልቻ ከሆንክ ጧት ጨርስ።


ገራዶ_ሜዳ (ደሴ)፦

ለጣሳ መምቻ የተባለውን ማንም አልነካውም፤ እኔ ልሞክረው። ርካሹ ይበቃል፣ አዎ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወርዱ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ስለሆነ 25 ሜትር ላይ የካርቶኑ ጥይት አይስተውም። ባልተሳካው ሁለተኛ ፓኬትህ ጣሳህን ምታበት፤ የመጀመሪያውን ሎት ለወረቀት አስቀር፤ ቁጥሩን ጻፍና ያንኑ ሎት ካገኘህ የቻልከውን ያህል አንድ ላይ ያዝ። ሌላ ሎት ከመጣ እንደ አዲስ ጥይት ትፈትሸዋለህ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ በዓይነቱ ላይ። ሲሲአይ ስቲንገር ቀለሃው ከተለመደው ይረዝማል፤ ለውድድር ተብሎ ጠበብ ባለ ክፍል ውስጥ አይግባ። በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ የያዘ ጓደኛ ካለህ ደግሞ በጣም ቀስ የሚሉት ጥይቶች፣ እንደ ሲሲአይ ኳየት ያሉት፣ መቀርቀሪያውን ላይገፉለት ይችላሉ፤ ያንተ ግን በእጅ ስለሆነ አያሳስብህም።

ቦታው ላይ ግን ርካሽ የሚባል ነገር የለም። 22 ትንሽ ናት ተብላ ትናቃለች፤ ወደ ላይ የተተኮሰች ጥይት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። በእኛ አገር ከእያንዳንዱ ሸንተረር ጀርባ እረኛ አለ። ጣሳው ከጀርባው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ድንጋይ የሌለበት የአፈር ግድግዳ ይኑረው፤ ከጣሳው ከፍ ያለ። ጣሳን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ መምታት የተለመደ ስህተት ነው፦ ድፍን እርሳስ ከድንጋይም ከውሃም ነጥሮ ይሄዳል፣ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። ጣሳውን በሲባጎ አንጠልጥለው። ፈቃዱም መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ጥይቱንም ይመለከታል፤ አዋጅ 1177/2012ን አንብቡት፤ የምትተኩሱበትንም ቦታ አስቀድማችሁ ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ተነጋገሩበት። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትቆርስ፤ እርሳስ ነው የነካኸው።


ሐረጎ_ማዶ፦

ፌስታሉን ነገ እተክላለሁ። ከካርቶኑ ውስጥ ከሃምሳው ሁለት ሦስቱ ይከሽፋሉ፤ መርፌው ነው ወይስ ጥይቱ?


ጦሳ_ሥር፦

የከሸፈችውን ጠርዟን ተመልከት። የመርፌው ምልክት ጥልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ጥይቷ ናት፤ ቅመሙ እዚያ ቦታ አልደረሰም። ምልክቱ የሳሳ ከሆነ፣ በተለይ በሌላ ጥይትም የሚታይ ከሆነ፣ መርፌው ወይም ዘይት የተጋገረበት ሞላው ነው፤ መቀርቀሪያውን ፍታና በደረቁ ወልውል። በባዶ ቃታ እየሳብክ አትለማመድበትም፤ በብዙ 22 ላይ መርፌው የክፍሉን ጠርዝ እየመታ ይጎዳዋል፣ የራሱም ጫፍ ይደፈጠጣል።

ስትከሽፍ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ 30 ሰከንድ ቁጠር፣ ከዚያ ክፈት። ጥይቷ ጤነኛ ከሆነች ዞር አድርገህ ሌላ የጠርዟ ቦታ እንዲመታ መልሰህ ማጉረስ ትችላለህ። ሁለተኛም ከከሸፈች አትመልሳት።

"ፍስ" የሚል ደካማ ድምፅ ከሰማህ ግን ቀጣዩን በፍጹም አታጉርስ። እርሳሱ በርሜሉ መሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መቀርቀሪያውን አውጣ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን እይበት፤ ብርሃን ካልታየ ዘንግ አስገብተህ የቆመበትን ፈልግ። ያቺ ፓኬት ደግሞ ለዚያ ቀን ትዘጋ።